ሳያርሱ መዝራት፦ የፓራና አኩሪ አተር እርሻ ታሪክና ለግብርና ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ማረሻ የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ኖሯል። መሬቱን ደጋግሞ ያረሰና ጓሉን ያለሰለሰ ገበሬ እንደ ትጉህ ሲቆጠር፣ ገለባ የተበተነበት ማሳ ግን የስንፍና ማስረጃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህን እምነት ለፈተና ካቀረቡት ታሪኮች አንዱ በደቡብ ብራዚል በፓራና ክፍለ ሀገር የተፈጸመው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰሜን ፓራና ቀይ አፈር በለምነቱ የታወቀ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በቡና ተሸፍኖ ቆይቷል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን በአንዱ ማሳ ላይ በቀዝቃዛው ወራት ስንዴ፣ በሞቃቱና ዝናብ በሚበዛበት ወራት ደግሞ አኩሪ አተር ማፈራረቅ እየተስፋፋ ሄደ። ስንዴው እንደታጨደ ገለባው ይቃጠላል፤ መሬቱም በትራክተር በሚጎተት የዲስክ ማረሻ ይገለበጥና በመከስከሻ ይደቅቃል። በመሆኑም ኃይለኛው ዝናብ የሚወርደው አፈሩ ፈጽሞ ራቁቱን በሆነበት ጊዜ ነበር።

የጉዳቱ አመጣጥ ቀላል ነው። የዝናብ ጠብታ የላላውን አፈር እየመታ ያደቅቀዋል፤ የደቀቀውም አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚህ በኋላ ውሃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላይ በላይ ይፈስሳል፤ አፈሩንና ዘሩንም ይዞ ይሄዳል። በፀሐይ ሲደርቅ በገጹ ላይ የሚቀረው ቅርፊት የአኩሪ አተሩ ቡቃያ እንዳይወጣ ያግደዋል። ከማረሻው በታች በየዓመቱ የሚረገጠው አፈር ደግሞ እየጠጠረ ሥሩ ወደ ጥልቀት እንዳይወርድ ይከለክላል። ከዚህ የተነሣ ዝናብ ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ ሰብሉ ወዲያው ይጠወልጋል።

በሮላንዲያ ይኖር የነበረው ገበሬ ኸርበርት ባርትስ በ1971 በጣለ ከባድ ዝናብ አፈሩ ከነዘሩ ሲታጠብ ተመለከተ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሰሜን አሜሪካ ተጉዞ፣ በኬንተኪ ከ1962 ጀምሮ ሳያርስ ይዘራ የነበረውን የሃሪ ያንግን እርሻ ጎበኘ። ከዚያም ገለባውን ሰንጥቆ ዘሩን በጠባብ ፈር ውስጥ የሚያስቀምጥ የመዝሪያ መሣሪያ አስመጥቶ፣ በዚያው በ1972 አኩሪ አተሩን ባልታረሰ መሬት ላይ ዘራ። በ1975 ከባድ ውርጭ የክፍለ ሀገሩን ቡና ባጠፋ ጊዜ አኩሪ አተር ይበልጥ ተስፋፋ፤ የአፈሩም ጉዳይ የብዙዎች ችግር ሆነ።

ይህም ሆኖ አዲሱ ዘዴ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ማረሻ ሲቀር አረም በረታ፤ በዘመኑ የነበሩት ፀረ አረም መድኃኒቶችም ጥቂቶች ነበሩ። ከጀመሩት ገበሬዎች አንዳንዶቹ ወደ ማረሻቸው ተመለሱ። የጸኑት ግን እርስ በርሳቸው ልምድ ለመለዋወጥ በ1979 በፖንታ ግሮሳ «የምድር ትል ክበብ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ ያልታረሰ አፈር ውስጥ ትሎች የሚከፍቷቸው ቀዳዳዎች ውሃ ያሰርጋሉና።

ልምዱ ሲከማች ማረሻን መተው ብቻውን በቂ አለመሆኑ ታወቀ። የአኩሪ አተር ገለባ ቶሎ ስለሚበሰብስ መሬቱን ለረጅም ጊዜ አይሸፍንም። ስለዚህ ከስንዴ፣ ከበቆሎና ከጥቁር አጃ ጋር ማፈራረቅ አስፈለገ። ሽፋኑ የፀሐይን ትኩሳት በማብረዱና እርጥበቱን በማቆየቱ፣ በአኩሪ አተር ሥር እባጮች ውስጥ ሆነው ከአየር ናይትሮጂን የሚሰበስቡት ባክቴሪያዎችም ይጠቀማሉ። በ2017 በተደረገው የእርሻ ቆጠራ በብራዚል ሳይታረስ የሚዘራው መሬት 33 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደርሶ ነበር። ይሁን እንጂ ዘዴው የራሱን ችግር አስከትሏል፤ በፀረ አረም መድኃኒት ላይ ያለው ጥገኝነት ጨምሯል፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ አረሞችም ተከስተዋል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የግብርና ትምህርት የሚሰጠው ቁም ነገር ዘዴውን እንዳለ መቅዳት አይደለም። በኢትዮጵያ ገለባ የከብት መኖ፣ የቤት መምረጊያና ማገዶም በመሆኑ በማሳ ላይ ተወው ማለት ገበሬውን ሌላ ነገር እንደ ማሳጣት ነው። ሆኖም «ደጋግሞ ማረስ መልካም ነው» የሚለውን አባባል ተማሪው ሳይመረምር ሊቀበለው አይገባም። በሁለት ዘቅዘቅ ባሉ ሣጥኖች አንድ ዓይነት አፈር ሞልቶ፣ አንዱን በገለባ ሸፍኖ ሌላውን ራቁቱን ትቶ፣ በሁለቱም ላይ እኩል ውሃ ማርከፍከፍና ከሥራቸው የሚወርደውን ውሃ በብርጭቆ መቀበል ለማንኛውም ትምህርት ቤት የሚቻል ነው። ተማሪው የሁለቱን ብርጭቆዎች ውሃ መጠንና ድፍርስነት ሲያስተያይ የፓራና ገበሬዎች በብዙ ኪሳራ የተማሩትን በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይረዳል፤ የወላጆቹ ማሳ ምን ያህል ጊዜ፣ መቼና ለምን እንደሚታረስም መጠየቅ ይጀምራል።