ደኑ እንደ ሰነድ፦ የማያ ሕዝብ የዕፅዋት ዕውቀት እና የታሪክ ምንጮች ጥያቄ



እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1562 የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ዲዬጎ ዴ ላንዳ በዩካታን፣ ማኒ በተባለች ከተማ፣ የማያ ሕዝብን መጻሕፍት አቃጠለ። ከስፔናውያን መምጣት በፊት ከተጻፉት መካከል ዛሬ የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ የደን ውጤቶች ናቸው፤ ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆነ ዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ፣ በኖራ ተለቅልቆ ይጻፍበት ነበር። እንግዲህ መጻሕፍቱ ከጠፉ፣ ይህ ሕዝብ ስለ ደኑ የነበረውን ዕውቀት ከወዴት እናገኛለን? የዛሬው ንግግሬ ደኑ ራሱ ምንጭ ነው ይላል፤ ሆኖም እንደ ማንኛውም ሰነድ መመርመር አለበት።

በመጀመሪያ በሰሜን ጓቲማላ የምትገኘውን ቲካልን እንመልከት። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የታነጹት ቤተ መቅደሶቿ የበር ጉበኖች ሳፖዲላ ከተባለ ዛፍ ተጠርበዋል። እንጨቱ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ከ1,200 ዓመታት በኋላም የተቀረጸባቸው ጉበኖች ለዘመናችን ደርሰዋል። የእንጨቱ ምርጫ ራሱ የዕውቀት ምስክር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሕያው ልማድ ነው። ይኸው ላንዳ እ.ኤ.አ. በ1566 ገደማ ባዘጋጀው የዩካታን ዘገባ፣ ከማርና ከውኃ የሚጣል፣ የአንድ ዛፍ ሥር የሚገባበት መጠጥ ጠቅሷል። በቺያፓስ ደን የሚኖሩት ላካንዶን ማያዎች ለሥርዓተ አምልኮ የሚያዘጋጁት ባልቼ ግን የሚብላላው በዛፍ ልጥ ነው። ጠጅና ጌሾን ለሚያውቅ አድማጭ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሕያው ልማድ የጽሑፉን ቃል እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ሦስተኛው ምስክር ግን ያስጠነቅቀናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዴኒስ ፑልስተን በቲካል የቤት ፍርስራሾች ዙሪያ ራሞን የተባለው ዛፍ በብዛት መብቀሉን አስተውለው፣ ጥንታውያኑ ፍሬውን ለምግብ ብለው ተክለውት ነበር ሲሉ ተከራከሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ዛፉ የኖራ ድንጋይ ፍርስራሽ ስለሚስማማው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ በራሱ ሊበቅል እንደሚችል አሳዩ። ዛፉ በቦታው መገኘቱ ብቻውን በሰው እጅ ለመተከሉ ማስረጃ አይሆንም።

በመጨረሻም ይህ ሰነድ ባለቤቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1998 በቺያፓስ የተጀመረ የመድኃኒት ዕፅዋት ጥናት፣ የአገሩ ባህላዊ ሐኪሞችና አዋላጆች በማን ፈቃድ ነው ብለው ስለተቃወሙት በ2001 ተቋረጠ። ጥያቄያቸው ለታሪክ ተመራማሪም የቀረበ ነው። በጽሑፍ ቤት የምናገኘው ሰነድ ጸሐፊው አልፏል፤ የደኑን ሰነድ የሚያነቡልን ሰዎች ግን በሕይወት አሉ፤ እምቢ የማለትም መብት አላቸው። ስማቸውንና ፈቃዳቸውን ሳንይዝ ዕውቀታቸውን ብቻ ይዘን ከተመለስን፣ የጻፍነው ታሪክ ከምንጩ የተቆረጠ ይሆናል።