ከዋስ ወደ ሰርተፊኬት፦ የከብት ንግድ መዝገብ ታሪክ



በበዓል ሰሞን ኮልፌ ቀራንዮ የሚገባውን በሬ ከየት እንደመጣ ሻጩን ብትጠይቁት፣ የገዛበትን ገበያ ይነግራችሁ ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበረውን ባለቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም።

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያገኙት ከወረቀት ሳይሆን ከሰው ነበር። ከብት የሚሸጥ ዋስ ይጠራል፤ ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ገዢው ዋሱን ይይዛል፣ ዋሱም ሻጩን ያቀርባል። ይህ፣ በእኔ ግምት፣ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ የረቀቀ ሥርዓት ነው። የሚጠብቀው ግን ባለቤትነትን እንጂ ጤናን አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚነገርለት የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ አልቆ እርሻ ቆመ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ተከተለ። በዚያ ጊዜ የታመመን ከብት ከመንገድ የሚመልስ ደንብ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ትኩረቱ በቄራ ላይ ነበር። ከብቱ በሕይወት ሳለ ስለሚያልፍበት የነጋዴ እጅ በሰፊው የተጻፈው ዘግይቶ ነው፦ የእንስሳት በሽታዎችን ስለመከላከልና ስለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994፣ ቀጥሎም የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ የአፍሪካ ቀንድን ከብት አገደች፤ የመጀመሪያው አዋጅ የወጣው በተከታዩ ዓመት ነው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም። ሆኖም የጤና ሰርተፊኬትና የጆሮ ምልክት ከሁሉ አስቀድመው የተጠየቁት ወደ ውጭ ለሚላክ ከብት መሆኑ አያከራክርም።

የከተማው ሸማች ከዚህ ምን አገኘ? ለቅርጫ የሚገዛው በሬ የሚታረደው ግቢ ውስጥ ነው፤ የሥጋ መርማሪ አያየውም። ከተካፋዮቹ አንዱ በአባ ሰንጋ ቢያዝ የጤና ባለሙያው ከሻጩ ይነሣል፤ ሻጩ ወደ ሸጎሌ ገበያ ይመራዋል፤ ገበያው ውስጥ ያለው ደግሞ ደላላ ነው። ደላላው የዋጋውን ነገር ያስታውሳል። የበሬውን መነሻ ቀበሌ የጻፈ ሰው ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ ዋስ መጥራቱም በከተማው ገበያ ድሮ ቀርቷል።