ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፦ የማመሳከሪያ ምንጮች

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ናቸው። የላይ ጋይንት ማእከል ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ መካነ ኢየሱስ ነው። በስማቸው የተጻፈ መጽሐፍ ጥቂት ነው። አብዛኛው መረጃ የሚገኘው በበጌምድር፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ወይም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ርእስ ሥር ስለሆነ ፈላጊው አስቀድሞ የስሙን መለዋወጥ ማወቅ ይኖርበታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጋይንት የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ግዛቱ የጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ዞን የሚለው አጠራር ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የ1950ዎቹን ሰነድ «ደቡብ ጎንደር» ብሎ የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለመነሻ የሚሻለው በጀርመን የታተመው ባለ 5 ቅጹ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ2003፣ የመጨረሻው በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በእንግሊዝኛ የተጻፈና ዋጋው የማይቀመስ ቢሆንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትን በመሰሉ ቦታዎች ይገኛል። የራሱ ርእስ ያልተሰጠው ትንሽ አገር በሌላ መጣጥፍ ውስጥ ተጠቅሶ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን ከመጨረሻው ቅጽ ማውጫ መጀመር ይበጃል።

ስለ 19ኛው መቶ ዘመን የሚናገሩት ምንጮች አገሩን እግረ መንገዳቸውን ያዩት ናቸው። ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፏቸው የቴዎድሮስ ታሪኮች በአማርኛ በመሆናቸው ቅድሚያ ይገባቸዋል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በ1858 ዓ.ም. ክረምት እስረኛ ሆነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በጋይንት በኩል ተወስደዋል፤ ሁለቱም ከተፈቱ በኋላ ያዩትን ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱም በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የዘመቱት በዚሁ አቅጣጫ ነው። እስረኛ የጻፈውን የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር አይዘንጋ፤ ራሳምና ብላንክ ዳገቱንና ብርዱን እንጂ የገበሬውን ኑሮ ቀርበው አላዩም።

የአካባቢው ስም በሊቃውንት ዘንድ የጎላው በቤተ ልሔም ነው። በጋይንት የምትገኘው ይህች ቤተ ክርስቲያን የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከልዩ ልዩ ጉባኤ ቤት የመጡ የዜማ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የሚያጸኑት እዚያ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርትና የያሬድን ዜማ የሚመለከቱ የአማርኛ መጻሕፍት፣ ለታሪክ ጸሐፊ ባይታሰቡም፣ ስለ ጋይንት ከሚናገሩት ምንጮች የተሻሉት ናቸው ማለት ይቻላል። ሕንፃውም ለብቻው የሚጠና ነው። ከውጭ ሲታይ እንደ ሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ይመስላል፤ ከውስጡ ግን በአክሱም ዘይቤ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ መቅደስ አለ። ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ለውጭ አንባቢ አስተዋውቋል። ለአገሬው ካህናት እንግዳ ነገር አልነበረም።

የመሬት ነገር በብራና ኅዳግ ተጽፎ ይገኛል። ጉልት መስጠት፣ መሸጥና መለወጥ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይመዘገብ ስለነበር ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመሬትና የኅብረተሰብ ጥናት በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ተመሥርቷል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው ፕሮጀክት ግን ሸዋ ላይ ስለሚያመዝን ለበጌምድር የሚሰጠው ጥቂት ነው።

ለሕዝብ ቁጥር የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች አሉ። በ1999ኙ ቆጠራ ደቡብ ጎንደር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። እስቴ ስለተከፋፈለና ሰዴ ሙጃም ከስማዳ ስለተነጠለ፣ የወረዳን ቁጥር ከወረዳ ከማነጻጸር በፊት ወሰኑን ማስተያየት ያስፈልጋል። ለዚህም በ1፡50,000 ልኬት የተዘጋጁት የመንግሥት ካርታዎች ያገለግላሉ። አዳዲስ ጥናቶችን የሚፈልግ ደግሞ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የተቀመጡትን የመመረቂያ ጽሑፎች ይመልከት፤ ጥራታቸው ይለያያል፣ ነገር ግን ከሽማግሌ ቃል የቀዱት በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።