ጣትን የሚያላቅቀው መድኃኒትና የተኛው ቲቢ

ጠዋት ጣታችሁ ተሳስሮ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት የሚያቅታችሁ የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች፣ ይህ ታሪክ ይመለከታችኋል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1948 አሜሪካዊው ዶ/ር ፊሊፕ ሄንች በማዮ ክሊኒክ ለአንዲት ታማሚ ኮርቲዞን ሰጡ። ሴትየዋ በቀናት ውስጥ እንደልቧ መራመድ ጀመረች። በ1950 ሄንች ኖቤልን ተጋሩ። ጉዳቱ ግን ቆይቶ ታየ፦ የፊት ማበጥ፣ የአጥንት መሳሳት፣ የስኳር መጨመር።

በ1992 ለንደን ውስጥ ማይኒና ፌልድማን ብግነት የሚያባብሰውን ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት ሞከሩ። የታማሚዎቹ እብጠትና ሕመም ቀነሰ። በ1998 የዚህ ዓይነቱ "ባዮሎጂክ" መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለሩማቶይድ ተፈቀደ። በ2001 ደግሞ ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ በኋላ በቲቢ የታመሙ 70 ሰዎች ሪፖርት ተደረጉ። ለምን? ቲኤንኤፍ በሰውነታችን ውስጥ የተኛውን የቲቢ ጀርም ከብበው ከሚይዙት ዘቦች አንዱ ነው።

መድኃኒቱ ግን አልተጣለም፤ ቀድሞ የተደበቀ ቲቢን መመርመርና ማከም ተለመደ። ቲቢ በሚበዛበት አገራችን ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ "አደገኛ ነው" ሲባል ሰምታችሁ አትሽሹ፤ ያልታከመ ሩማቶይድም መገጣጠሚያ ያበላሻል። ሳትመረመሩም አትጀምሩ። ቲቢ ይዟችሁ ከነበረ ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ካለ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከጀመራችሁ በኋላ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ከመጣ ቶሎ ታዩ።

መልካም ጤና!