የቤት ውስጥ ትንሽ ባቡር አጀማመር፤ ከቆርቆሮ መጫወቻ እስከ ኮምፔንሳቶ ገበታ

የባቡርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ትልቁ ባቡር፥ ስለ ኩባንያውና ስለ ውሉ፥ ስለ ሐዲዱና ስለ ድልድዩ ብዙ ጽፈዋል። በጠረጴዛ ላይ ስለሚሄደው ትንሽ ባቡር የሚጽፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴዎቹና የሥራው አፍቃሪዎች ናቸው፤ የታሪክ ተማሪ ነገሩን የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛም መጀመሪያ እንደዚሁ አስበን ነበር። ጠጋ ብለን ስንመለከተው ግን፥ አንድ ተራ ሰው በቤቱ ውስጥ የመጀመሪያውን ትንሽ የባቡር መሥመር ለመዘርጋት የቻለው ከመቼ ወዲህ ነው? ያስቻለውስ ነገር ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ ለጥናት የሚበቃ ሆኖ አገኘነው። ለዚህ ጥያቄ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ ኤሌክትሪክ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። ኤሌክትሪክ ባቡሩን አስኬደው እንጂ ሰውየውን ሥራ አላስጀመረውም፤ ያስጀመረው የልክ ስምምነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይኸንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚነሣው በደቡብ ጀርመን ጐፒንገን ከምትባል ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ቴዎዶር ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሜርክሊን የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ በ1859 ለአሻንጉሊት የሚሆን የማድቤት ዕቃ መሥራት ጀመረ። በ1866 ሲሞት ሥራውን ይዛ ያቆየችው ባለቤቱ ካሮሊን ናት። ሥራው ከአሻንጉሊት ማድቤት መነሣቱ እንዲያው የሚታለፍ ነገር አይደለም። የአሻንጉሊት ማድቤት በአንድ ጊዜ ተገዝቶ አያልቅም፤ ዘንድሮ ምድጃው፥ ለከርሞ ድስቱ፥ ቀጥሎም ሳሕኑ እየተባለ በየበዓሉ ይጨመርበታል። የካሮሊን ልጆች በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ያቀረቡት ባቡር ይኸንኑ ዘዴ የተከተለ ነበር። ከዚያ በፊትም የቆርቆሮ ባቡር በየገበያው ይሸጥ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ሠሪ ዕቃ ከሌላው ጋራ አይገጥምም። የሜርክሊን ልጆች ያመጡት አዲስ ነገር እንደ ሰዓት ተሞልቶ የሚሄድ ባቡር፥ በስምንት ቍጥር ቅርጽ የሚገጣጠም ሐዲድ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ላለው ስፋት የተሰጠ የታወቀ ቍጥር ነው። ዛሬ የገዛ ሰው በሚመጣው ዓመት አንድ ፉርጎ ወይም ጥቂት ሐዲድ ቢጨምር እንደሚገጥምለት ያውቃል። መሥመር ማለት እንግዲህ ያን ጊዜ ተወለደ ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ባቡር ብቻ ነው።

የስፋቱ ቍጥር ከአንድ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነበር። አንድ ቍጥር የሚባለው ዛሬ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ቆይቶ ከእርሱ የሚያንስ 32 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ሲወጣ ከአንድ በታች ያለው ቍጥር ዜሮ ስለ ሆነ ዜሮ ተባለ። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ይኸን ዜሮ እንደ ፊደል አንብበው «ኦ» አሉት። ከዜሮ የሚያንስ በመጣ ጊዜ ምን እንደ ተባለ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ኤሌክትሪክ ብቻውን በቂ እንዳልነበረ የአሜሪካው የላዮኔል ኩባንያ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ጆሽዋ ላዮኔል ካወን ኩባንያውን በ1900 በኒው ዮርክ አቋቋመ። ቀጥሎ የሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ፉርጎ የታሰበው ለሱቅ መስኮት ማስጌጫ እንጂ ለልጆች አልነበረም፤ ገዢዎች ግን ዕቃውን ትተው ፉርጎውን ካልገዛን አሉ። በ1906 ካወን ሦስት ሐዲድ ያለው መሥመር አወጣ፤ መካከለኛው ሐዲድ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣ ነው። ስፋቱ ግን ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ልክ ጋራ የማይገጥም ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ስሙን «ስታንዳርድ» አለው። በኋላ ተወዳዳሪዎቹ ያንኑ ስፋት ሲከተሉ ስሙ በሕግ የእርሱ ስለ ነበር «ሰፊው» ለማለት ተገደዱ። እንግዲህ በ1906 ኤሌክትሪኩ ነበረ፤ ነገር ግን የአንድ ፋብሪካ ዕቃ የገዛ ሰው የዚያው ፋብሪካ ደንበኛ ሆኖ ከመቅረት በቀር የራሱን መሥመር እንደ ሐሳቡ ሊያቆም አይችልም ነበር። በዚያ ላይ መጠኑ አለ። 20 ሜትር የሚረዝም እውነተኛ የመንገደኞች ሠረገላ በኦ ልክ፥ ማለት በ43 እጅ አንሶ፥ ሲሠራ 46 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለውን አምስት ሠረገላ ከነባቡሩ የሚያዞር ክፍል የነበረው ሀብታም ብቻ ነው።

ወደ ትንሹ ልክ የተወሰደው እርምጃ ከንግድ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከዘመኑ መከራ ጋራም የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊው ባሴት ሎውክ በኑረምበርግ ከሚገኘው ከቢንግ ፋብሪካ ጋራ ሆኖ በ1922 በምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ትንሽ ባቡር አወጣ፤ የሐዲዱ ስፋት የዜሮ ግማሽ ያህል ነበር። የቢንግ ፋብሪካ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በገንዘብ ችግር ፈረሰ። የቤተ ሰቡ ተወላጅ ስቴፋን ቢንግ ግን በሌላ ድርጅት ሥር ሥራውን ቀጥሎ በ1935 «ትሪክስ» የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር አቀረበ። በዚያው ዓመት ሜርክሊንም ተመሳሳይ ልክ ያለው ባቡር አወጣ። ስቴፋን ቢንግ አይሁዳዊ ነበረና በ1938 ድርጅቱን በግድ ሸጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። ዛሬ በየቤቱ ለሚሄደው ልክ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው፤ ስለ ትንሽ ባቡር በሚነገረው ታሪክ ግን ይህ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኛም ከዚህ የበለጠ ቦታ ሳንሰጠው በማለፋችን እናዝናለን።

የዜሮ ግማሽ የሆነው ልክ «ሃፍ ኦ»፥ በአጭሩ «ኤች ኦ» ተባለ። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁሉ ነገር በ87 እጅ ያንሳል። ይኸም በሒሳብ ትክክል ነው፤ 16.5 በ87 ሲባዛ የእውነተኛውን ሐዲድ ስፋት፥ 1,435 ሚሊ ሜትርን፥ ያህላል። እንግሊዞች ዘንድ ግን ችግር ተፈጠረ። የአገራቸው ባቡር ከአውሮፓና ከአሜሪካ ባቡር ጠበብና አጠር ያለ ስለ ሆነ የዘመኑ የኤሌክትሪክ ሞተር በ87 እጅ ባነሰው ባቡር ሆድ ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ ባቡሩን ብቻ አሳድገው በ76 እጅ ሠሩት፤ ሐዲዱን ግን እንዳለ ተዉት። የፍራንክ ሆርንቢ ኩባንያ በ1938 «ሆርንቢ ደብሎ» ብሎ ያወጣው በዚህ ልክ ነው። ውጤቱ ባቡሩ ከሐዲዱ በላይ ሰፍቶ መታየቱ ነው፤ ሒሳቡን ብንሠራው ሐዲዱ ከእውነተኛው 18 ሳንቲ ሜትር ያህል የጠበበ ሆኖ ይገኛል። ሞተሩ ከዚያ ወዲህ እጅግ አንሷል፤ ሰበቡ ጠፍቷል፤ ስሕተቱ ግን አለ። ብዙ ሕዝብ በገዛው ዕቃ ላይ ልክ መለወጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ስሕተቱን ያልታገሡ ጥቂት ሰዎች 18.83 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በገዛ እጃቸው መሥራት ያዙ። እነርሱን እናከብራቸዋለን፤ ለጀማሪ ግን አንመክርም።

ስምምነቱ በጽሑፍ የሆነው በአሜሪካ ነው። አል ካልምባክ የሚባል ሰው በሚልዎኪ ከተማ በጥር ወር 1934 «ሞዴል ሬይልሮደር» የሚባለውን መጽሔት ማተም ጀመረ። ጊዜው የገንዘብ ችግር የጠናበት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያችው ከተማ የሥራው አፍቃሪዎች ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም የመንኰራኵሩን፥ የሐዲዱንና የመጋጠሚያውን ልክ ወሰነ። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ሐዲዱን ከአንዱ፥ ፉርጎውን ከሌላው ገዝቶ፥ ቤቶቹን ራሱ ከካርቶን ሠርቶ መጀመር ይችላል። በ1950ዎቹ ዓመታት የአይርቭ አቴርን ርካሽ የፕላስቲክ ፉርጎ በተጨመረበት ጊዜ መጀመር የሀብታም ነገር መሆኑ ቀረ።

ጀማሪው በምን ላይ ይጀምራል? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እንጨት ይገባል። በአሜሪካ የኮምፔንሳቶ ጣውላ የሚሸጠው 122 ሳንቲ ሜትር በ244 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ነው። የኤች ኦ የመነሻ ሐዲድ ደግሞ ከመካከል እስከ ዳር 46 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክብ ይሠራል። ክቡ ከዳር እስከ ዳር 92 ሳንቲ ሜትር ነውና በጣውላው ላይ ይቀመጣል፤ በግራና በቀኝም አንድ አንድ ስንዝር የማይሞላ ቦታ ይተርፋል። ሁለቱ ልኮች ተስማሙና የጀማሪው መሥመር በአንድ ጣውላ ላይ የተዘረጋ ሞላላ ሆነ። ሊን ዌስትኮት በ1958 ያሳተመው «የሚያድግ የኤች ኦ ባቡር» የሚል መጽሐፍ ከዚህ ጣውላ ተነሥቶ በየደረጃው እንዴት እንደሚጨመርበት የሚያስተምር ነው። የአሻንጉሊቱ ማድቤት ዘዴ ነው፤ ካሮሊን ሜርክሊን ብታየው ታውቀው ነበር።

እኛም ነገሩን በወረቀት ብቻ ማወቅ አልበቃ ብሎን፥ ባቡርም ሐዲድም ሳይኖረን፥ አንድ ያረጀ ኮምፔንሳቶ ለምነን ሞላላውን በጠመኔ ሣልንበት። ገበታውን በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ጥግ በሁለት ጠረጴዛ ላይ ስናኖረው ስሕተታችን ታየን። የሰው ክንድ በደኅና የሚደርሰው እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግድግዳው በኩል ባለው ሐዲድ ላይ ባቡር ቢወድቅ የሚያነሣው የለም። ገበታው በሦስት ወገን መተላለፊያ ይፈልጋል፤ መተላለፊያው ሲታሰብ ደግሞ የሚይዘው ቦታ ከገበታው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። አንድ አልጋ ካላወጣን በቀር የማይሆን መሆኑን ተረዳን፤ አልጋውም የጓደኛችን ነበር። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዛሬ ጀማሪውን ከሰፊው ጣውላ ይልቅ በግድግዳ ላይ ከሚሄድ ጠባብ መደርደሪያ ጀምር የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛም ከእነርሱ ጋራ ነን።

ሌላው ጀማሪን የሚያሰናክል ነገር ኤሌክትሪኩ ነው። በሁለት ሐዲድ መሥመር አንዱ ሐዲድ ኤሌክትሪኩን ያመጣል፥ ሌላው ይመልሳል። መሥመሩ በራሱ ላይ ተመልሶ ከተገናኘ የቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋራ ይጋጠማል፤ ያን ጊዜ ኮንታክት ይፈጠራል። ሦስት ሐዲድ ባለው መሥመር ይህ አይደርስም፤ መካከለኛው ዞሮ የሚገናኘው ከመካከለኛው ጋራ ነውና። ላዮኔልና ሜርክሊን ለመልኩ ባያምርም በዚህ የጸኑት ለዚህ ነው። ሆርንቢ ደብሎ ግን በ1959 ወደ ሁለት ሐዲድ ተሻገረ። መልክና ምቾት የተጣሉበት ክርክር ይህ ነው።

ስለ ሽቦ ካነሣን የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በ1946 የሞዴል ባቡር ክበብ አቋቋሙ። ከአባሎቹ እኵሌቶቹ ቤትና ተራራ ይሠራሉ፤ እኵሌቶቹ ደግሞ ከገበታው ሥር ገብተው ከስልክ መሥሪያ ቤት በተገኘ አሮጌ ዕቃ የባቡሩን መቈጣጠሪያ ይቀጥላሉ። ከእነዚህ ከገበታ ሥር ካሉት ብዙዎቹ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተር ተሻገሩ፤ በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ስማቸው ይነሣል። ልጆቹ የተጫወቱ መስሏቸው ይማሩ ነበር ማለት ነው፤ ወይም መምህራኖቻቸው እንደሚያስቡት በተቃራኒው።

ልኩ ማነሱን አላቆመም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኑረምበርጉ አርኖልድ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ፥ ሜርክሊን ደግሞ በ1972 ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር አወጡ። እንደዚህም ሆኖ ኤች ኦ አሁንም በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው ነው። በካሊፎርንያ የነበረው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አለን በ1940ዎቹ በዚሁ ልክ ትንሽ መሥመር ሠርቶ ነበር፤ በኋላ የቤቱን ምድር ቤት የሞላ ታላቅ መሥመር ሲዘረጋ ትንሹን ሳያፈርስ በመካከል አስገባው። እርሱ በጥር 1973 በሞተ በጥቂት ቀን ውስጥ የመሥመሩ አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ።

አገራችንን በተመለከተ ሒሳቡን ብቻ እናቀርባለን። የቀድሞው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለ ነበር በኤች ኦ ሲሠራ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይጠይቃል፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነውና የተለመደው 16.5 ይበቃዋል። የቀድሞው መሥመር ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በኮምፔንሳቶአችን ላይ የሣልነው ሞላላ ዙሪያው 5 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከለገሀር የተነሣው ትንሽ ባቡር ጅቡቲ ለመድረስ 1,700 ጊዜ ያህል መዞር አለበት።