ደራሽ፦ ወሬውን የቀደመ ሞገድ

በአማርኛ «ደራሽ» የሚባሉ ሦስት ናቸው። አንደኛው እንግዳ ነው፤ ሳይጠሩት፣ ምንም ሳይሰናዳለት በር የሚያንኳኳ። ሁለተኛው ጎርፍ ነው፤ ቆላው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደረቅ አሸዋ ላይ ግድግዳ ሆኖ ሲመጣ። ሦስተኛው ረዳት ነው፤ «ደራሽ የለውም» ስንል በጭንቅ ሰዓት የሚመጣለት ሰው የለውም ማለታችን ነው፤ «ድረሱልኝ!» የሚለው ጩኸትም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። የሦስቱም አባት «ደረሰ» ነው። «እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» የሚለው አባባልም እንግዳውንና ውሃውን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

ቃሉን ያነሣሁት ለአንድ ትርጉም ጥያቄ ስል ነው። የጥይትን፣ የፍንዳታን፣ ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላንን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች በእንግሊዝኛ «ሾክ ዌቭ» የሚሉትን ምን እንበለው? ቃል በቃል ሲመለስ «የድንጋጤ ሞገድ» ይሆናል። ድንጋጤ ግን የሰው ነው፤ አየር አይደነግጥም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠቴ በፊት የፍሰትን ሰላምና ሁከት የሚጠሩት ቃላት ከየት እንደመጡ አንድ በአንድ ልመልከት።

ከመርጋት እንጀምር። አንድ ፍሰት ጥቂት ቢነካ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይስ ይብስበታል? የሚብስበትን እንግሊዝኛው «ኢንስታቢሊቲ» ይለዋል። የዚህ ቃል ሥር የላቲኑ «ስታሬ»፣ ማለትም መቆም ነው። ስለዚህ ላቲኑ የሚያየው እግሩ ያልጸና ሰው፣ የዘመመ ግንብ ነው። አማርኛው «አለመረጋጋት» ሲል ግን ቃሉን ያመጣው ከማጀት ነው። ግእዙ «ረግዐ» መጽናትም ነው፣ የፈሳሽ መጠጠርም ነው፤ እርጎ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ረጋ ያለ ሰው፣ የረጋ ወተት፣ የተረጋጋ አገር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ይባላል፤ ለትዕግሥት ምክር ስለሆነ ግማሹን ይተዋል እንጂ ቅቤው የሚወጣው ወተቱ ረግቶ ስለቀረ ሳይሆን ከረጋ በኋላ ስለተናጠ ነው። የእኛ ቃል ገና ከመነሻው የፈሳሽ ቃል ነበር።

ፈሳሽ መርጋት የሚያቅተው በብዙ መንገድ ነው። ሁለቱን እንይ። ንፋስ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ትንሽ ጉብታ ብታገኘው ከአናቷ ላይ ይፈጥናል፤ በፈጠነበት ቦታ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጉብታዋ ወደ ላይ ትሳባለች፤ ከፍ ባለች ቁጥርም ንፋሱ ይብስ ይፈጥናል። ይህን ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1868፣ ኬልቪን ደግሞ በ1871 ተንትነውታል (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለተኛው ከባዱ ፈሳሽ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሲሆን የሚመጣው ነው። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ስንገለብጥ ውሃው የሚደፋው ለምንድን ነው? አየሩ ሊደግፈው ስላቃተው አይደለም። የከባቢ አየር ግፊት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውሃ መሸከም ይችላል፤ አፉ ላይ ካርቶን አድርጎ ለገለበጠ ሰው ይህ በዓይን ይታያል። ካርቶኑ ሲነሣ የሚጎድለው ጉልበት ሳይሆን እርጋታ ነው፤ በውሃው ፊት ላይ ያለች ቅንጣት ሞገድ ታድጋለች፣ ውሃው በአንድ ወገን ይወርዳል፣ አየሩ በሌላው ይገባል። ሬይሊ በ1883፣ ጂ. አይ. ቴይለር በ1950 ያሰሉት ይህንኑ ነው።

ያልረጋው ሲብስበት ወደ ሌላ ቃል እንሻገራለን። የአውሮፓ ቋንቋዎች «ተርቡለንስ» የሚሉት ከላቲኑ «ቱርባ» የመጣ ሲሆን፣ ቱርባ የሕዝብ ግርግር ነው። የእኛ «ሁከት» ከግእዙ «ሆከ» የወጣ ነው፤ አነቃነቀ፣ በጠበጠ ማለት ነው። ዛሬ በዜና «ሁከትና ነውጥ» ሲባል የሚታየን የጎዳና ሕዝብ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ቃላት በአንድ መንገድ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጉዘዋል ማለት ነው፦ ላቲኑ ከሕዝብ ተነሥቶ ወደ ውሃ ወረደ፣ ግእዙ ከማነቃነቅ ተነሥቶ ወደ ሕዝብ ወጣ።

የሚገናኙበት ቦታም አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመጠመቂያው ዳር 38 ዓመት የታመመው ሰው ውሃው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ይናገራል። የላቲኑ ትርጉም ለውሃው እንቅስቃሴ የተጠቀመው ከ«ቱርባ» የተወለደውን ግሥ ነው፤ የአማርኛው ትርጉም ደግሞ «ተናወጠ» ይላል። በዚያ ጥቅስ ላይ ነውጥ የመዳኛ ምልክት ነው፤ ደራሽ ያጣው ሰው የሚጠብቀው የውሃውን መናወጥ ነው። «ናወጠ» ከወተቱ «ናጠ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ምን ያህል እንደሚቀራረብ ጆሮ ያለው ይሰማዋል።

የሚገርመው፣ ሁከትን በመሣሪያ ያጠናው ሰው ቃሉን አልተጠቀመበትም። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ማንችስተር ውስጥ በብርጭቆ ቱቦ ውሃ አሳልፎ በመሐሉ ቀለም ለቀቀ። ውሃው ቀስ ሲል ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሲፈጥን ተርገበገበና ቱቦውን በሙሉ አደፈረሰው። ሬይኖልድስ ሁለቱን ሁኔታዎች «ቀጥተኛ» እና «ጠመዝማዛ» ብሎ ነበር የሰየማቸው። በ1887 ኬልቪን በአንድ ጽሑፉ ርእስ ላይ «ላሚናር» እና «ተርቡለንት» የሚሉትን ቃላት አጎራበታቸው፤ የጸኑትም እነዚህ ናቸው። «ላሚና» ስስ ዝርግ ነገር ነው፤ ፍሰቱ እንደ እንጀራ ተደራርቦ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል ማለት ነው። በ1908 ዞመርፌልድ «የሬይኖልድስ ቁጥር» ብሎ የሰየመው መለኪያ በቱቦ ውስጥ 2,000 አካባቢ ሲደርስ እርጋታው ያሰጋል። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ቡና ሲፈላ ከማጨሻው የሚወጣውን የዕጣን ጢስ ማየት ይበቃል። መጀመሪያ ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ከፍ ሲል ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ይበተናል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያለው ሰውም ይህን ሽግግር ያውቀዋል።

አሁን ወደ «ሾክ»። እንግሊዝኛ ቃሉን ከፈረንሳይኛው «ሾክ» በ16ኛው መቶ ዘመን ሲወስድ ትርጉሙ የሁለት ሠራዊት ግጥሚያ፣ ፈረሰኛ ከፈረሰኛ ሲላተም ነበር። ሐኪሙና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ወደ ቃሉ የመጡት በኋላ ነው። እኛ ለዚህኛው የኤሌክትሪክ ምት ሌላ ቃል አለን፤ «ኮረንቲ ያዘው» እንላለን። ኮረንቲም የጣሊያንኛው «ኮረንቴ» ሲሆን የሚሮጥ፣ የሚወርድ ውሃ ማለትም ነው። የመብራት ቆጣሪያችን ውስጥ ወንዝ አለ።

በሳይንሱ ግን ነገሩ ከስሙ ቀድሞ ነው የተወለደው። በ1848 ስቶክስ በካምብሪጅ ስለ ድምፅ ሲያሰላ አንድ እንግዳ ነገር ገጠመው። የታመቀው የሞገዱ ክፍል ካልታመቀው ይፈጥናል፤ ስለዚህ የኋላው የፊቱን ይደርስበታል፣ የሞገዱም ፊት እንደ ገደል ቀጥ ይላል። ስቶክስ በዚያ ቦታ የአየሩ እፍጋት በአንድ ዝላይ ይለወጥ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ኋላ ግን ሬይሊና ኬልቪን «ጉልበቱ የት ገባ?» ብለው ስለሞገቱት ሥራዎቹ ተሰብስበው ሲታተሙ ሐሳቡን ሰረዘው። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ የጠፋው ጉልበት ሙቀት ሆኗል። ራንኪን በ1870፣ ከዚያም የፈረንሳይ ባሕር ኃይል የመድፍ መኮንን የነበረው ዩጎንዮ ሒሳቡን አስተካከሉት። ጀርመናዊው ሪማን ደግሞ በ1860 ስም አወጣለት፦ «ፈርዲሽቱንግስሽቶስ»፣ የእምቅታ ምት።

የዚህን ሞገድ ፎቶግራፍ ያስነሣው ኤርንስት ማክ ነው። በ1870ና 71 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች ገላ ላይ እጅግ የሰፋ ቁስል ይታይ ስለነበር የሚፈነዳ ጥይት ተተኩሷል የሚል ክስ ተነሥቶ ነበር፤ አንድ ቤልጂየማዊ ሊቅ ደግሞ ጥይቱ የሚገፋው የታመቀ አየር ነው አለ። ማክ ነገሩን ለማጣራት ፈለገ። በእሱ ሐሳብ መሠረት ፒተር ዛልኸር በ1886 ፊዩሜ በተባለችው፣ ዛሬ ክሮኤሽያ ውስጥ ባለችው የወደብ ከተማ የሚበርር ጥይት ፎቶ አነሣ። ሥዕሉ ላይ ጥይቱ በፊቱ ሹል ቅስት ይዞ ይታያል፤ መርከብ ውሃ ሰንጥቃ ስትሄድ እንደሚታየው። በ1929 ስዊዘርላንዳዊው አከሬት የፍጥነቱን መለኪያ በማክ ስም ጠራው። ከጦር ሜዳ የመጣው ቃል በጥይት ተረጋግጦ ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰ።

ዓረብኛው «መውጀት ሰድማ»፣ ዕብራይስጡ «ጋል ሔሌም» ሲሉ እነሱም የሚይዙት ምቱን ነው። ሁሉም የሚናገሩት ስለ ተመቺው ነው። ሞገዱ ራሱ ምን እንደሆነ ግን አይነግሩንም።

ምንድን ነው ታዲያ? ድምፅ የአየር ወሬ ነው። ነገር ሲመጣ አየሩን ይገፋል፤ መገፋቱ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየሮጠ ፊት ለፊት ላለው አየር «መጣሁ» ይለዋል፤ አየሩም ገለል ይላል። ከድምፅ የፈጠነ ነገር ግን ወሬውን ይቀድማል። ፊት ያለው አየር ምንም አልሰማም፤ ገለል የሚልበትም ጊዜ የለውም። ስለዚህ ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ እፍጋቱ በአንድ ጊዜ ይዘልላል፤ ይህ ዝላይ የሚፈጸምበት ግድግዳ ውፍረት ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያንሳል። የነገሩ እምብርት መምታቱ ሳይሆን ሳይነገር መድረሱ ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ቃል አለው፦ ደራሽ።

ተመሳሳይነቱ የግጥም ብቻ አይደለም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ወሬ የሚሄደው በጥልቀቱ ልክ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ላይ ሞገድ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ አንድ ሜትር ውሃ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ። ወንዝ ሲሞላ የኋላው ውሃ ጥልቅ ስለሆነ ይፈጥናል፣ የፊቱን ይደርስበታል፣ ተደራርቦም ግድግዳ ይሆናል። ስቶክስ በወረቀት ላይ ያየው ገደል ይኸው ነው። ትንሹን ደራሽ ደግሞ በየቤታችን እናገኘዋለን፦ ቧንቧ ስንከፍት ውሃው የላቫንዲኖው ወለል ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ ከዚያ በክብ መስመር ላይ ድንገት ይነሣል። ከክቡ ውስጥ ውሃው ከወሬው ይፈጥናል፣ ከክቡ ውጪ ወሬው ከውሃው ይፈጥናል። ትልቁን ደግሞ በ2006 ክረምት ድሬዳዋ አይታዋለች፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ።

ያልረጋውና ደራሹ የሚገናኙበት ጥናትም አለ። ደራሽ ሞገድ ሁለት የተለያዩ ፈሳሾች የሚዋሰኑበትን ፊት ሲያቋርጥ በዚያ ላይ ያለችውን ቅንጣት ጉድፍ ያሳድጋታል። ሪክትማየር በ1960 አሰላው፣ ሜሽኮቭ በ1969 በሙከራ አሳየው። በካሊፎርኒያ በሌዘር ኃይል ሃይድሮጅንን ለማዋሐድ የሚሠሩት ሰዎች ዋና ራስ ምታት ከዚህ ወገን ነው፤ በታኅሣሥ 2022 በ2.05 ሜጋጁል ሌዘር 3.15 ሜጋጁል ሲያወጡ የተሳካላቸው ሃይድሮጅኑን የያዘችው እንክብል እስክትታመቅ ድረስ ነውጡን ስለገቱት ጭምር ነው።

ስለዚህ ለትርጉሙ ጥያቄ የእኔ መልስ «ደራሽ ሞገድ» ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፣ ቃሉም ያንን ልዩነት ይዞታል። በአየር ላይ ደራሹን የሚቀድም ጩኸት የለም፤ ጩኸት ራሱ ድምፅ ነውና ኋላ ይቀራል። በወንዝ ግን ውሃው በሰከንድ አራት ሜትር ቢሮጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ ከላይ ያለ እረኛ «ደራሽ!» ብሎ ቢጮህና ከታች ያለው ቢሰማው ቃሉ የሚደርሰው በሦስት ሰከንድ ነው። ያን ጊዜ ጎርፉን የሚጠራው ቃል ራሱ ሦስተኛው ደራሽ ይሆናል።