የአሽቀሎን ጌታ የሕግ መጽሐፍና የአባቶቻችን ሸንጎ



በዚህ ጽሑፍ ስለ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሕግ ታሪክ ጥቂት ልናጫውታችሁ ተነስተናል። «የፈረንጅ የጥንት ሕግ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገሩ የተነሳው አንዲት የሕግ ተማሪ የሆነች የሰፈራችን ልጅ ስለዚሁ ታሪክ ጥናት እንድታቀርብ ታዝዛ፣ ያነበበችውን ለአያቷ ስታስረዳ ነው። አያቷ በጎንደር አገር በሽምግልና ብዙ ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው። ልጅቱ ዕብራይስጡንና አማርኛውን እያቀላቀለች ስትነግራቸው ዝም ብለው ሰሙና፣ «ይህማ የእኛ ሸንጎ ነው፤ ለፈረንጆቹ ማን ነገራቸው?» አሉ። በቤቱ የነበርን ሁሉ ሳቅን። ኋላ ስናስበው ግን ነገሩ ከሳቅ ያለፈ ሆኖ አገኘነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደጻፍን አስቀድመን እንገልጻለን።

የምንኖርባት አሽቀሎን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና የምትባለው ከተማ ናት። በባሕሩ ዳር ባለው ብሔራዊ ፓርክ ልጆቻችንን ይዘን ስንዝናና የምናየው የፈረሰ ግንብ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። መስቀለኞች የሚባሉት የአውሮፓ ወታደሮች ኢየሩሳሌምን በ1099 ዓ.ም. ሲይዙ አሽቀሎን በግብፅ ገዢዎች እጅ ቀርታ ነበር። ንጉሥ ባልድዊን 3ኛ የያዛት በ1153 ነው። ሳላሐዲን በ1187 ወሰዳት፤ በ1191 ግንቧን አስፈረሰ። እንደገና ታነጸች፤ በ1247 ዳግመኛ ከመስቀለኞች እጅ ወጣች። በመጨረሻም ሱልጣን ባይባርስ በ1270 ፈጽሞ አጠፋት።

በዚያ መጨረሻ ዘመን «የያፎና የአሽቀሎን ጌታ» የሚል ማዕረግ የነበረው ዮሐንስ ዘኢብሊን የሚባል መኳንንት ነበር። አሽቀሎን ከእጅ ስለወጣች የያዘው ስሟን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በ1266 ከመሞቱ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት በጥንታዊ ፈረንሳይኛ አንድ ትልቅ የሕግ መጽሐፍ ጻፈ። የኢየሩሳሌም መንግሥት የከፍተኛው ሸንጎ ሕግና የሙግት ሥርዓት ተዘርዝሮ የሚገኝበት ነው። መጽሐፉ በ1369 በቆጵሮስ ደሴት የመንግሥት ሕግ ሆኖ ጸደቀ፤ በ1531 ደግሞ ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት ቬኒሳውያን ወደ ጣልያንኛ አስተረጎሙት። የአውሮፓን የሕግ ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይመረምሩታል።

ዮሐንስ መጽሐፉን ለምን ጻፈ? በዘመኑ ይነገር በነበረው ትውፊት መሠረት የመንግሥቱ ሕግ አስቀድሞ በጽሑፍ ሠፍሮ በኢየሩሳሌም በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ነበር፤ በ1187 ከተማይቱ ስትያዝ ጠፋ። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ትውፊቱን ይጠራጠሩታል። ሆነም ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ሕግ የሚታወቀው ከሽማግሌዎች አፍ ነበር። ነገር አዋቂ የተባሉት፣ ሙግት የለመዱት፣ «እንዲህ ሲፈረድ አይቻለሁ፤ ከአባቴም ሰምቻለሁ» እያሉ ይመሰክሩ ነበር። ዮሐንስና ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጻፈው ፊሊጶስ ዘኖቫራ ያንን የአፍ ሕግ ከመጥፋቱ በፊት በብራና ላይ አሠፈሩት። አያትየው «የእኛ ሸንጎ» ያሉት እንግዲህ ይህንን ነው።

በዚያ ሕግ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ጌታው የሸንጎው ሊቀ መንበር ቢሆንም ብቻውን አይፈርድም፤ የሚፈርዱት ባልንጀሮቹ መኳንንት ናቸው። ጌታ የጭፍራውን ጉልት ያለ ሸንጎ ፍርድ ሊነጥቅ አይችልም። ቢነጥቅ ሌሎቹ መኳንንት አገልግሎታቸውን ሊከለክሉት ይችላሉ። ይህ መብት ግን ለባላባቱ እንጂ ለገበሬው አልነበረም። አይሁድም፣ ሙስሊሞችም፣ የአገሩ ክርስቲያኖችም በከፍተኛው ሸንጎ ቦታ አልነበራቸውም። ለእነርሱ በገበያው ዳኝነት ይታይላቸው ነበር፤ ሲምሉም አይሁዳዊው በኦሪት፣ ሙስሊሙ በቁርአን፣ ሳምራዊውም በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ይምል ነበር። መሐላቸው ይከበር እንጂ እኩልነት አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዮሐንስ መጽሐፉን ሊጽፍ 30 ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በ1238፣ አስ ሳፊ ኢብን አል አሳል የተባለ የግብፅ ቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ አንድ የሕግ መጽሐፍ አጠናቅሮ ነበር። ወደ ግዕዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት የተባለው ይኸው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የተተረጎመው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ነው። 51 አንቀጾች አሉት፤ 22ቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ 29ኙ ስለ ዓለማዊ ነገር ናቸው። የዓለማዊው ክፍል ትልቅ ድርሻ የተቀዳው ከቢዛንታይን፣ ማለት ከምሥራቅ ሮማ ነገሥታት ሕግ ነው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ነጻ ነው፣ ባርነት የመጣው ከጦርነት ነው የሚለው ሐሳብ በሮማ ሊቃውንት ዘንድም በፍትሐ ነገሥትም ይገኛል። እንግዲህ የአውሮፓ ሕግ የተቀዳበት የሮማ ምንጭ በቁስጥንጥንያና በካይሮ በኩል ዞሮ እስከ ጎንደር ደርሷል ማለት ነው። ፍትሐ ነገሥት በሊቃውንት እየተጠቀሰ ሲሠራበት ኖሮ፣ ቦታውን ለ1930ው የወንጀል ሕግ፣ ኋላም ለ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫና ለ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቀቀ።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ግን በመጽሐፍ ካለው ሕግ ይልቅ በንጉሥ ቃል ተወስኗል። ከፍትሐ ነገሥት መተርጎም አስቀድሞ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ (1414–1429) አባቶቻችንን ድል ካደረገ በኋላ፣ የተጠመቀ ብቻ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን እንዳዘዘ ይተረካል። ፈላሻ የሚለውን ስም ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ብዙዎች ናቸው። በዐፄ ሠርጸ ድንግልና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተደረጉት ጦርነቶች ደግሞ የቀረውን ጨረሱት። ርስት ያጣ ሰው በሌላው መሬት ጭሰኛ ይሆናል፤ ወይም በእጁ ሥራ፣ በብረት፣ በሸክላ፣ በሽመና፣ በግንበኝነት ያድራል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን የሚሄድ ሰው የሚፈስ ውኃ ይቆማል» በሚባልበት አገር፣ ርስትን በሚመለከት ግን የአባቶቻችንን ጩኸት ሰምቶ የቆመ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሕግ አልባ ሆነው አልኖሩም። ኦሪት ነበራቸው፤ ቄሶች ነበሯቸው፤ ሽማግሌዎች ነበሯቸው። የትዳር፣ የውርስ፣ የደም ነገር ሁሉ በዛፍ ሥር፣ በዋስና በመሐላ፣ በካሳና በእርቅ ያልቅ ነበር። ይህ ሕግ መጽሐፍ አልነበረውም፤ መጽሐፉ የሽማግሌው ልብ ነበር።

ከዚህ ላይ ስለ አሽቀሎን አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። በ1100 ገደማ በዚህች ከተማ ይኖሩ የነበሩ የቀራውያን አይሁድ ሽማግሌዎች ወደ ግብፅ አንድ ደብዳቤ ላኩ። ኢየሩሳሌም ስትያዝ የተማረኩትን ወገኖቻቸውን፣ የኦሪት ጥቅሎችንና በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በገንዘብ ለመዋጀት ተበድረዋልና እርዳታ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው በካይሮ ምኩራብ ከተገኙት የቆዩ ወረቀቶች መካከል ነው። ምርኮኛን መዋጀት በአይሁድ ሕግ ታላቅ ትእዛዝ ነው።

ይኸው ትእዛዝ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እኛ ደረሰ። ራዲባዝ በመባል የሚታወቀው ራቢ ዳዊት ቤን ዚምራ በልጅነቱ በ1492 ከስፔን የተሰደደ ሲሆን፣ ኋላ በካይሮ የአይሁድ ታላቅ ዳኛ ሆነ። ከሐበሻ አገር ስለመጡ ምርኮኞች ተጠይቆ፣ ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው፣ መዋጀታቸውም ግዴታ ነው ሲል ፈረደ። ራቢ ዖቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ስለ ቤተ እስራኤል ሲወስኑ ከተመረኮዙባቸው ፍርዶች አንዱ ይህ ነው። በ1975 የእስራኤል መንግሥት የ1950ው የመመለስ ሕግ ለእኛም እንዲሠራ ተቀበለ። በዚሁ በ1975 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የገጠር መሬት ለአራሹ ታወጀ። ለብዙ መቶ ዓመታት ርስት የተከለከለ ሕዝብ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት አገር ሁለት ሕግ ስለ መሬት ተናገረው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚሉ አባቶች ይህንን አይተው አለፉ። በእርግጥ ከወረቀት እስከ ምድር ያለው መንገድ ረጅም ነበር፤ በሱዳን በረሃ የቀሩትን አንረሳም።

አንድ ሰው ካይሮ ተቀምጦ ስለ ጥቂት ምርኮኞች የጻፈው ፍርድ ከ400 ዓመት በኋላ የሕዝብ በር ከፈተ። ባይጻፍ ኖሮ ማን ይጠቅሰው ነበር?

ለወጣቶቻችን የምንለው ይህን ነው። የአገራችን የእስራኤል ሕግ ራሱ ከብዙ ምንጭ የተቀዳ ነው። የቱርክ ሕግ አለበት፤ ከ1922 ጀምሮ የእንግሊዝ ሕግ እንደ ምንጭ ገብቶበታል፤ በ1980 የወጣው የሕግ መሠረቶች ሕግ ግን ከእንግሊዝ ጋር የነበረውን ማሰሪያ ቆርጦ፣ ዳኛ መልስ ሲያጣ በእስራኤል ቅርስ ወዳሉት የነጻነት፣ የፍትሕ፣ የርትዕና የሰላም መርሆች እንዲመለከት አዘዘ። በዚያ ቅርስ ውስጥ የቤተ እስራኤል ሽምግልናም ድርሻ አለው እንላለን። ድርሻችንን ለማስረዳት ግን በእጃችን የተጻፈ ነገር ሊኖር ይገባል።

ዮሐንስ ዘኢብሊን አገሩ ከእጁ ሲወጣ ሕጉን አዳነ፤ ከተማይቱ ጠፋች፣ መጽሐፉ ቀረ። የእኛም ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ልጅቱ ጥናቷን አስረክባለች፤ አሁን ደግሞ በየሳምንቱ ደብተር ይዛ አያቷ ዘንድ ትቀመጣለች። ዋስ እንዴት ይጠራ እንደነበር፣ ደም እንዴት ይደርቅ እንደነበር፣ መሐላው በምን ቃል እንደነበር ትጠይቃለች፤ አያትየውም ሲመልሱ፣ «እንዲህ ሲፈረድ አይቻለሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት።

እናንተም ውድ ወገኖቻችን፣ በቤታችሁ ሽማግሌ ካለ ዛሬ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁትንም በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉት።